ስሙ ብዙ፣ ሳጥኑ አንድ፦ ሌላ ስም የተለጠፈበትን የሶላር ኢንቨርተር ከመግዛት በፊት

መርካቶ ሱቅ ውስጥም ሆነ ቴሌግራም ላይ ባለ 5 ኪሎዋት የሶላር ኢንቨርተር ብትጠይቁ፣ የሚቀርብላችሁ ሳጥን አብዛኛውን ጊዜ መልኩ አንድ ነው፦ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል፣ ፊቱ ላይ ትንሽ ስክሪንና አራት ቁልፍ ያለው፣ ገመዱ በታች በኩል የሚገባ። ስሙ ግን በየሱቁ ይለያያል፤ ዋጋውም እንደዚያው። «ይሄ ኦሪጅናል፣ ያኛው ኮፒ» የሚለው ክርክር ደግሞ ገዢውን ይበልጥ ያደናግራል። ሁለቱም ከአንድ ፋብሪካ የወጡ ሊሆኑ ይችላሉ፤ አንዱ የሌላው ቅጂ ሊሆንም ይችላል። መለየት አይከብድም፤ የሚያስፈልገው ማኑዋሉን፣ የስህተት ኮዶቹንና ጥቂት የሚለኩ ቁጥሮችን ማየት ነው።

«ሁሉን በአንድ» የሚባለው ኢንቨርተር ምንድን ነው?

ቀድሞ ለቤት ሶላር አራት ዕቃ ለየብቻ ይገዛ ነበር። የፓኔሉን ኃይል ለባትሪው በሚስማማ መጠን የሚያስገባ የሶላር ቻርጀር፣ የባትሪውን ዲሲ ወደ 220 ቮልት ኤሲ የሚቀይር ኢንቨርተር፣ መብራት ሲኖር ባትሪውን ከመስመር የሚሞላ ቻርጀር፣ መብራት ሲጠፋና ሲመጣ ደግሞ የሚያቀያይር መሣሪያ። አሁን አራቱም በአንድ ሳጥን ውስጥ ገብተዋል። ገመዱ ቀንሷል፣ ዋጋውም ወርዷል፣ ገጠማውም የግማሽ ቀን ሥራ ሆኗል። ጣጣው ግን ከዚያው ይመጣል፤ የአንዱ ክፍል ቦርድ ሲቃጠል አራቱም አገልግሎቶች አብረው ይቆማሉ። ስለዚህ መለዋወጫ ማን ዘንድ ይገኛል የሚለው ጥያቄ ከዋጋው እኩል ይመዝናል።

ታዲያ ስሙ ለምን በዛ?

በዚህ ገበያ ከትልልቆቹ አምራቾች አንዱ ብዙ ገዢ ስሙን ሰምቶት የማያውቀው ቮልትሮኒክ ፓወር ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ታይዋን ውስጥ የተመሠረተ ሲሆን፣ ዋና ሥራው ሌሎች ነጋዴዎች በራሳቸው ስም የሚሸጡትን ኢንቨርተርና ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኃይል እንዳይቋረጥ የሚያደርግ መሣሪያ) ነድፎ ማምረት ነው። አክስፐርት የተባለው ምርቱ ታይዋን ውስጥ ኤምፒፒ ሶላር በሚል ስም፣ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ደግሞ መሰርና ኮዳክ በሚሉ ስሞች ተሽጧል። አዎ፣ የፎቶ ፊልሙ ኮዳክ። ስሙ በፈቃድ ተሰጠ እንጂ ኮዳክ ኢንቨርተር ሲሠራ አልተገኘም። የቻይናው ዴዬም የሚያመርታቸው ሃይብሪዶች (ከሶላር፣ ከባትሪና ከመስመር ጋር አብረው የሚሠሩ ኢንቨርተሮች) እንግሊዝና ደቡብ አፍሪካ ሲደርሱ ሰንሲንክ፣ አሜሪካ ሲደርሱ ሶል-አርክ ይባላሉ። ኤስአርኤንኢ የተባለው የሼንዘን አምራችም በራሱ ስም ከሚሸጠው ሌላ ለብዙ ነጋዴዎች ያመርታል።

ነገሩ ከአንድ ጋጋሪ የወጣ እንጀራ በየሱቁ በተለያየ ፌስታል እንደሚሸጠው ነው፤ ፌስታሉ ስለ ጤፉ ምንም አይነግራችሁም።

ይሁንና ሌላ ስም የተለጠፈበት ዕቃ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። የመጀመሪያው ዓይነት ቦርዱም ሶፍትዌሩም ከዋናው አምራች የወጣ፣ የተለወጠው ስምና ቀለም ብቻ የሆነ ነው። ሁለተኛው ከዚያው ፋብሪካ ቢወጣም ነጋዴው ዋጋ እንዲወርድለት ብሎ ያስቀነሰው ነው፤ የሶላር ቻርጀሩ አቅም ይቀንሳል፣ ማራገቢያው ይረክሳል፣ ከባትሪ ጋር የሚነጋገርበት ሶኬት ይቀራል። ሦስተኛው ቅጂ ነው፤ ሌላ ፋብሪካ መልኩን፣ የስክሪኑን አሠራርና የማኑዋሉን ጽሑፍ ገልብጦ ውስጡን በራሱ መንገድ ሠርቶታል። የአክስፐርት ቅጂዎች በዓለም ገበያ ላይ ሞልተዋል። የመጀመሪያውን ዓይነት በርካሽ ያገኘ ሰው ተጠቃሚ ነው። ሁለተኛውም ጉድለቱ ታውቆ ከተገዛ ችግር የለውም። ሦስተኛው ላይ ግን ዋናው አምራች ያወጣውን ሶፍትዌር የጫነ ሰው ዕቃውን ሊገድለው ይችላል፤ ሲበላሽም የዋናው ቦርድ አይገጥመውም።

እውነተኛውን አምራች በምን እናውቃለን?

ከሁሉ በፊት የማኑዋሉን የመጨረሻ ገጾች ክፈቱ። የስህተት ኮድ ሰንጠረዡ የአምራቹ የጣት አሻራ ነው፤ ነጋዴ ሽፋኑን ይቀይራል እንጂ ይህን ሰንጠረዥ የሚነካ የለም ማለት ይቻላል። 01 ማራገቢያው አልዞረም፣ 02 ከመጠን በላይ ሞቀ፣ 05 የውጤት ሾርት፣ 07 ከአቅም በላይ ጭነት፣ 08 የውስጥ ባስ ቮልቴጅ ከፍ አለ፣ 51 ከመጠን ያለፈ ከረንት የሚል ከሆነ የቮልትሮኒክ ቤተሰብ ነው፤ ወይም የእሱ ቅጂ። በኤስአርኤንኢ ሰንጠረዥ 01 ስለ ማራገቢያ አይደለም፤ የባትሪ ቮልቴጅ ዝቅ ማለቱን ይናገራል።

ቀጥሎ የማስተካከያ ቁጥሮቹን፣ ማለትም በስክሪኑ ላይ ዕቃው የሚስተካከልባቸውን የምርጫ ቁጥሮች እዩ። በቮልትሮኒክ ቤተሰብ ቁጥር 01 ኃይል ከየት ይቅደም የሚለው ምርጫ ነው፤ ኤስቢዩ የሚለው አማራጭ መጀመሪያ ሶላር፣ ከዚያ ባትሪ፣ በመጨረሻ መስመር ማለት ነው። ቁጥር 05 የባትሪ ዓይነት፣ 16 ባትሪው በምን ይሞላ፣ 26 የሙሌት ቮልቴጅ፣ 27 የማቆያ ቮልቴጅ፣ 29 የመቁረጫ ቮልቴጅ ናቸው። እነዚህ ቁጥሮች ከስም ወደ ስም ሳይለወጡ ሲዘዋወሩ ታገኟቸዋላችሁ።

የስልክ አፑም ፍንጭ ይሰጣል። ዋችፓወር የቮልትሮኒክ፣ ሻይንፎን የግሮዋት ነው። ሶላርማን ከዴዬ ጋር ይመጣል፤ ሌሎችም ይጠቀሙበታል። ስማርትኢኤስኤስ ከሆነ ግን ብዙ አትደምድሙ፤ እሱ ለብዙ አምራቾች የዋይፋይ መሰኪያ የሚያቀርብ የሌላ ኩባንያ አፕ ነው።

የጀርባው ሌብል ላይ ሞዴሉ፣ ሲሪያል ቁጥሩ፣ የፓኔል ቮልቴጅ ገደቡ፣ የቻርጅ አምፔሩ መኖር አለባቸው። ሌላ ሌብል ላይ የተለጠፈ ሌብል ካያችሁ የታችኛውን ለማየት አትፈሩ። «5 ኪሎዋት፣ ሶላር፣ ሃይብሪድ» ብቻ የሚል ሌብል ያለበትን ዕቃ መተው ይሻላል።

ክብደቱንም በእጃችሁ መዝኑት። በዚህ ዘመን የሚሸጡት አብዛኞቹ ትልቅ ትራንስፎርመር የሌላቸው ናቸው፤ ባለ 5 ኪሎዋቱ ከ10 እስከ 15 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ውስጡ ከባድ የመዳብ ትራንስፎርመር ያለው ግን 30 ኪሎን ያልፋል፣ ለአንድ ሰው ማንሳቱ ይከብዳል። ሻጩ «ባለ ትራንስፎርመር ነው፣ ሞተር አይፈራም» ብሎ 12 ኪሎ ዕቃ ከሰጣችሁ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም።

ስሙ ሌላ መሆኑ ምን ጉዳት አለው?

ለዕለት ሥራው ምንም ላይኖረው ይችላል። ጉዳቱ የሚታየው ከሽያጭ በኋላ ነው። ሶፍትዌሩን የሚያድሰው ዋናው አምራች ነው ወይስ ነጋዴው? አምራቹ «የእኔ ደንበኛ ነጋዴው ነው፣ እሱን ጠይቁ» ይላል፤ ነጋዴው ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ስም ይዞ መጥቶ ይሆናል።

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2024 አሜሪካ ውስጥ በርካታ የዴዬ ኢንቨርተሮች ሥራ አቁመው ስክሪናቸው ላይ ዕቃው በዚያ አገር እንዲሠራ እንዳልተፈቀደለት የሚናገር ጽሑፍ ወጣ። እዚያ የዴዬ ምርት የሚታወቀው በሶል-አርክ ስም ነው፤ የተቆለፉት በሌላ መንገድ የገቡት ነበሩ። የተሰበረ ነገር አልነበረም፤ ሃርድዌሩ ደህና ነው፣ ባለቤቱም ገንዘቡን ከፍሏል፣ ቤቱ ግን ጨለመ። ከዚህ የሚወሰደው ተግባራዊ ነገር አንድ ነው፤ ከመግዛታችሁ በፊት የዋይፋይ መሰኪያው ሳይገባ ዕቃው ሙሉ ሥራውን እንደሚሠራ አረጋግጡ፤ ለሌላ አገር ገበያ የተሠራ መሆኑን ካወቃችሁ ደግሞ ከኢንተርኔት ጋር አታገናኙት።

«5 ኪሎዋት» ሲባል በትክክል ስንት ነው?

መጀመሪያ ኬቪኤና ኪሎዋትን ለዩ። ኬቪኤ ገመዱና ክፍሎቹ የሚሸከሙት ጠቅላላ መጠን ነው፤ ኪሎዋት ግን ሥራ የሚሠራው ኃይል። 5 ኬቪኤ የሚል ዕቃ የኃይል ፋክተሩ 0.8 ከሆነ የሚሰጠው 4 ኪሎዋት ብቻ ነው። የድሮ ሞዴሎች አብዛኞቹ እንደዚህ ናቸው፤ አዲሶቹ 1 ስለሆኑ 5 ኬቪኤው 5 ኪሎዋት ይሆናል። ዳታሺቱ (የዕቃው ቁጥሮች የተዘረዘሩበት ወረቀት) ላይ «የኃይል ፋክተር» የሚለውን መስመር ሳታዩ ሁለት ዕቃ አታወዳድሩ።

ሁለተኛው የመነሻ ኃይል ነው። ፍሪጅና የውሃ ፓምፕ ሲነሱ ለአጭር ጊዜ ከመደበኛ ፍጆታቸው ከሦስት እስከ ስድስት እጥፍ ይጠይቃሉ። ሳጥኑ ላይ «10 ኪሎዋት ፒክ» ቢጻፍም፣ ትራንስፎርመር በሌለው ዕቃ ይህ ቢበዛ ለጥቂት ሰከንድ ነው፤ በርካሾቹ ደግሞ ከሰከንድም ያንሳል። ባለ አንድ የፈረስ ጉልበት ፓምፕ ሲሠራ 1 ኪሎዋት ገደማ ይወስዳል፣ ሲነሳ ግን 4 ወይም 5 ኪሎዋት ሊጠይቅ ይችላል። በዚያች ቅጽበት ፍሪጁና ምድጃው አብረው ካሉ የስህተት ኮድ 07 ወይም 51 ይወጣል።

ሦስተኛው ነገር ለአዲስ አበባና ለደጋ ከተሞች ትልቅ ቢሆንም ሻጮች ሲያነሱት አይሰማም፤ ከፍታው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር ነው። አየሩ ሲሳሳ ማራገቢያው በዚያው ፍጥነት እየዞረ የሚያወጣው ሙቀት ይቀንሳል። ብዙ ዳታሺቶች ሙሉ አቅሙን እስከ 1,000 ወይም እስከ 2,000 ሜትር ብቻ ነው የሚያረጋግጡት። የተለመደው የመሐንዲስ ስሌት ከ1,000 ሜትር በላይ በየ100 ሜትሩ 1 በመቶ መቀነስ ነው። በዚህ ስሌት 5 ኪሎዋቱ አዲስ አበባ ላይ ወደ 4.3 ኪሎዋት ይወርዳል። ደሴና ደብረ ብርሃን ላይ ከዚህም ያንሳል። አየሩ ቀዝቃዛ መሆኑ ትንሽ ያካክሳል፤ ዕቃው በቁምሳጥን ውስጥ ከተገጠመ ግን የሚካካስ ነገር የለም።

አሁን እነዚህን ይዘን ወደ ምጣዱ እንምጣ፤ የአገራችንን ኢንቨርተር የሚፈትነው እሱ ነውና። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል። ባለ 5 ኪሎዋት ኢንቨርተር ላይ ምጣዱ ብቻውን ይሠራል፤ ምድጃ ከተጨመረ ግን ገደቡ ላይ ነው። ባትሪውንም እናስላ። 51.2 ቮልት 100 አምፔር ሰዓት የሆነ ሊቲየም ባትሪ 5.12 ኪሎዋት ሰዓት ይይዛል። ምጣዱ 3.5 ኪሎዋት እየሳበ አንድ ሰዓት ቢቆይ፣ ከኢንቨርተሩ ብክነት ጋር ወደ 3.8 ኪሎዋት ሰዓት ይወጣል። ባትሪው በአንድ ሰዓት ጋገራ ሦስት አራተኛውን ያጣል። ስለዚህ ምጣዱን በቀጥታ ከቆጣሪ በሚመጣ መስመር ላይ መተው፣ አለዚያም ከረፋዱ አራት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ፀሐይ ባለበት መጋገር ነው። «ምጣድም ይችላል» ብሎ የሚሸጥ ሰው ስለ ኢንቨርተሩ እውነቱን ነው፤ ስለ ባትሪው ግን ዝም ብሏል።

አራተኛው ቁጥር ዕቃው ለራሱ የሚበላው ነው። ምንም ነገር ሳይሰካበት ባለ 5 ኪሎዋት ኢንቨርተር ከ40 እስከ 80 ዋት ይወስዳል። 50 ዋት ቢሆን በ24 ሰዓት 1.2 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ ከላይ የጠቀስነው ባትሪ ሩብ ያህሉ። ለአምፖል፣ ለቲቪና ለዋይፋይ ብቻ ኢንቨርተር የሚፈልግ ቤት «ትልቅ ይሻላል» ብሎ 8 ኪሎዋት ሲገዛ በየቀኑ የሚከፍለው ይህን ነው።

ስንት ፓኔል ይሸከማል?

ብዙ ኢንቨርተር የሚቃጠለው እዚህ ጋ ነው፤ ደግሞም በዋስትና አይሸፈንም። ሌብሉ ላይ ሦስት ቁጥር ፈልጉ፦ የፓኔል ከፍተኛ ቮልቴጅ፣ ኤምፒፒቲው የሚሠራበት ክልል፣ ከፍተኛ የቻርጅ አምፔር።

ኤምፒፒቲ ማለት ፓኔሉ ብዙ ኃይል የሚሰጥበትን ቮልቴጅ እየፈለገ ወደ ባትሪው ቮልቴጅ የሚያወርድ ቻርጀር ነው። ፒደብሊውኤም የሚባለው ርካሹ ግን ፓኔሉን ከባትሪው ጋር በቀጥታ ያገናኘዋል፤ ትርፉ ቮልቴጅ ይባክናል። በትንንሽ ባለ 12 እና ባለ 24 ቮልት ሳጥኖች ላይ «ኤምፒፒቲ» ተብሎ ውስጡ ፒደብሊውኤም ሆኖ መገኘት የተለመደ ማጭበርበር ነው። መፈተኛው ቀላል ነው፤ ፀሐይ ላይ ባትሪው እየሞላ ሳለ የፓኔሉን መግቢያ በመልቲሜትር ለኩ። ባትሪው 27 ቮልት፣ ፓኔሉም 27 ወይም 28 ካሳየ ፒደብሊውኤም ነው። ፓኔሉ 80 ሲያሳይ ባትሪው 27 ከሆነ ኤምፒፒቲ ነው።

ወደ ቮልቴጁ ስሌት። በገበያው የተለመደው ባለ 550 ዋት ፓኔል ጭነት ሳይኖር ወደ 50 ቮልት፣ ሲሠራ ወደ 42 ቮልት ይሰጣል። ፓኔል ሲቀዘቅዝ ቮልቴጁ ይጨምራል፤ በየዲግሪው 0.27 በመቶ ገደማ። የአዲስ አበባ የኅዳርና የታኅሣሥ ንጋት 5 ዲግሪ ሲሆን፣ ከመለኪያው 25 ዲግሪ በ20 ዲግሪ ያንሳልና 50 ቮልቱ ወደ 52.7 ያድጋል።

ገደቡ 145 ቮልት ለሆነ ኢንቨርተር በተከታታይ የሚገናኘው ሁለት ፓኔል ብቻ ነው፤ ሦስተኛው ሲጨመር 158 ቮልት ይደርሳል፣ ቻርጀሩም ይቃጠላል። ገደቡ 450 ከሆነ ስምንት ፓኔል 422 ቮልት ስለሚሆን ይሄዳል፣ ዘጠኙ 474 ስለሚሆን አይሄድም። 500 ከሆነ ዘጠኝ ይችላል። «በቀን ለክቼው 445 ነበር» የሚል ቴክኒሽያን የለካው በሞቀ ፓኔል ላይ ነው፤ ጣጣው የሚመጣው ንጋት ላይ ነው።

ከታችም ገደብ አለ። የኤምፒፒቲው ክልል ከ120 ቮልት የሚጀምር ከሆነ ሦስት ፓኔል በወረቀት 126 ቮልት ይሰጣል፤ ጣሪያ ላይ 60 ዲግሪ ሲሞቅ ግን ወደ 110 ይወርዳል፣ ቻርጁም ይቆራረጣል። ስለዚህ አራት ነው ትንሹ። ሁለት ስም ያላቸው ሁለት ተመሳሳይ ሳጥኖች አንዱ 145፣ ሌላው 500 ቮልት የሚል ሌብል ሊይዙ እንደሚችሉ አትርሱ፤ የውስጥ ቻርጀራቸው ይለያያል።

የቻርጅ አምፔሩ ደግሞ የፓኔሉን እውነተኛ ጥቅም ይወስናል። ባለ 24 ቮልት ዕቃ 60 አምፔር የሚል ከሆነ፣ 60 በ27 ሲባዛ 1,620 ዋት ነው። 3,000 ዋት ፓኔል ቢገጠምለትም ወደ ባትሪው የሚገባው ያችው ናት። በ48 ቮልት 100 አምፔር ሲሆን ግን ከ5 ኪሎዋት በላይ ይገባል።

«ሃይብሪድ» ነው? ስታቢላይዘርስ ይተካል?

ሃይብሪድ የሚለው ቃል እንደ ሻጩ ነው። በትክክለኛ ትርጉሙ ከመስመሩ ጋር ተጣምሮ የሚሠራ፣ ትርፉን ወደ መስመሩ መመለስ የሚችል ማለት ነው። እዚህ «ሃይብሪድ» ተብለው ከሚሸጡት ብዙዎቹ ግን ወይ መስመሩን ወይ ባትሪውን መርጠው የሚያቀያይሩ ብቻ ናቸው። ለቤታችን ይሄም ይበቃል። መመለስ የሚችለውን ዓይነት የገዛ ሰው ይህን ማስተካከያ አጥፍቶ ይተወው፤ ያለ ኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ስምምነት ወደ መስመሩ መላክ አይገባም፣ ተራ ቆጣሪም የሚወጣውን እንደ ፍጆታ ሊቆጥርባችሁ ይችላል።

ስታቢላይዘር ግን አይደለም። መብራት ባለበት ጊዜ አብዛኞቹ ሳጥኖች የመስመሩን ኃይል እንዳለ አሳልፈው ወደ ቤት ይለቁታል። በቮልትሮኒክ ቤተሰብ ቁጥር 03 ላይ ሁለት ምርጫ አለ፤ ኤፒኤል ከ90 እስከ 280 ቮልት ያለውን ሁሉ ይቀበላል፣ ዩፒኤስ ከ170 በታች ሲወርድ ወደ ባትሪ ይዞራል። ከፋብሪካ ሲመጣ ኤፒኤል ላይ ነው። ማታ ማታ መስመሩ 140 ቮልት በሚወርድበት ሰፈር ፍሪጃችሁም 140 ቮልት ይደርሰዋል፣ ኮምፕረሰሩም በዚያው ይቃጠላል። ዩፒኤስ ላይ አድርጉት፤ ባትሪው ቶሎ ቶሎ ይሠራል እንጂ ዕቃችሁ ይተርፋል።

ዘመድ ከውጭ ቢልክስ?

የአሜሪካ ገበያ ዕቃ 120 ቮልት፣ ወይም በሁለት ፌዝ 120 እና 240፣ 60 ኸርዝ ነው። የእኛ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ በአንድ ፌዝ ነው። ለአሜሪካ የተሠራውን እዚህ ማስገጠም ገንዘብ መጣል ነው። የዱባይ 50 ኸርዝ ስለሆነ ይስማማል። ሳዑዲ 60 ኸርዝ ቢሆንም ብዙዎቹ ዕቃዎች በማስተካከያ ወደ 50 ይመለሳሉ፤ በቮልትሮኒክ ቤተሰብ ቁጥር 09 ነው። ካልተመለሰ የፓምፑና የፍሪጁ ሞተር በተሳሳተ ፍጥነት ይዞራሉ።

ከመክፈላችን በፊት እንዴት እንፈትነው?

መልቲሜትርና የዲሲ ከረንት የሚለካ ክላምፕ ሜትር ይዛችሁ ሂዱ፤ ወይም ይህ ያለውን ቴክኒሽያን አብራችሁ ውሰዱ። ሱቁ ባትሪ ካለው ኢንቨርተሩን ከባትሪው ጋር አገናኙት።

ምንም ሳይሰካ አብሩትና የባትሪውን ገመድ በክላምፕ ለኩ። በ48 ቮልት 1 አምፔር ማለት 50 ዋት ገደማ ነው። 2 አምፔር ካሳየ ለራሱ 100 ዋት እየበላ ነው፤ ተዉት። ቀጥላችሁ ባለ 2 ኪሎዋት ምድጃ ሰክታችሁ የመውጫውን ቮልቴጅ እዩ። 230 የነበረው 220 ቢሆን ደህና ነው፣ ከ210 በታች ከወረደ ድካም አለው። ሁለተኛ ምድጃ ጨምራችሁ በ4 ኪሎዋት ግማሽ ሰዓት አቆዩት። ማራገቢያው መፍጠን አለበት፤ የሚያቃጥል ሽታ ወይም 02 ከወጣ መልሱት። እንደገና በአንዱ ምድጃ ላይ ፍሪጅ አስነሱበት። በመጨረሻም ስክሪኑ የሚያሳየውን የባትሪ ቮልቴጅና አምፔር ከሜትራችሁ ጋር አስተያዩ። ቮልቴጁ ከግማሽ ቮልት በላይ ከተለያየ የባትሪው መቁረጫና መሙያ ሁሉ በዚያው ልክ ይዛባል።

ሻጩ ይህን ሁሉ አልፈቅድም ካለ፣ ቢያንስ በሰባት ቀን ውስጥ የመመለስ መብት ደረሰኝ ላይ በጽሑፍ ይስጥ። በቃል የተሰጠ የሁለት ዓመት ዋስትና የፋብሪካ ይሁን የሱቅ አይታወቅም። «ዋና ቦርዱ ቢቃጠል ቦርዱ አላችሁ ወይስ ወደ ቻይና ትልካላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ታዋቂ ቤተሰብ የሆነ ዕቃ እዚህ ላይ ያሸንፋል፤ የአክስፐርትን ቦርድ የሚጠግን፣ አይጂቢቲና ሞስፌት የሚባሉትን ኃይሉን የሚያቀያይሩ ትራንዚስተሮች የሚያውቅ ባለሙያ ከተማው ውስጥ ማግኘት ከባድ አይደለም።

ሲገጠም የት ጋ ይበላሻል?

የባትሪ ገመድ መጀመሪያ። 5 ኪሎዋት በ48 ቮልት ከብክነቱ ጋር ወደ 113 አምፔር ነው። 35 ስኩዌር ሚሊሜትር የመዳብ ገመድ፣ ከአንድ ሜትር ተኩል ባይበልጥ ይመረጣል። በ24 ቮልት 3 ኪሎዋት ወደ 139 አምፔር ስለሚሆን ከዚያ የወፈረ ይጠይቃል። ጫፉ በፕሬስ የተጨመቀ መሆን አለበት፤ በፒንሳ የተደበደበ ጫፍ ይግላል፣ ፕላስቲኩም ይቀልጣል። ከባትሪው ፖዘቲቭ ላይ የዲሲ ፊውዝ ወይም የዲሲ ብሬከር ይግባ። የኤሲ ብሬከር ዲሲን ሲቆርጥ ብልጭታው አይጠፋለትም፤ ለእሳት መነሻ ይሆናል።

ከዚያ ኒውትራሉ። የኢንቨርተሩን መውጫ ኒውትራል ከመስመሩ ኒውትራል ጋር በአንድ ባር ላይ ማሰር በጣም የተለመደ ስህተት ነው። በኢንቨርተር የሚሠሩት መስመሮች ኒውትራላቸውም ለብቻ ይሁን። ከዚህ የከፋው ደግሞ የድሮው የቆጣሪ መስመር ሳይነቀል በኢንቨርተሩ መውጫ ላይ ሲመጣ ነው፤ መብራት በመጣበት ቅጽበት አይጂቢቲዎቹ ይፈነዳሉ። ቴክኒሽያኑ ኢንቨርተሩን ከማብራቱ በፊት የመውጫውን ገመዶች በመልቲሜትር ለክቶ ዜሮ መሆናቸውን ያሳያችሁ።

ባለ 450 እና 500 ቮልቶቹ ሳጥኖች ላይ የፓኔሉ ገመድ ከኤሲው ጋር በትራንስፎርመር አልተለየም። የፓኔሉ ብረት ፍሬም ከመሬት ጋር ይታሰር፣ ፖዘቲቩም ኔጌቲቩም ግን ከመሬት ጋር በፍጹም አይታሰሩ። ገመዱም ከ220 ቮልት መስመር ያላነሰ አደገኛ ተደርጎ ይቆጠር።

ሊቲየም ባትሪ ከተገጠመ ከፋብሪካ የመጣውን የአሲድ ባትሪ ማስተካከያ ቀይሩ። ለባለ 16 ሴል ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሙሌቱ ቮልቴጅ 56 አካባቢ፣ ማቆያው 54፣ መቁረጫው 48 ይሁን፤ የባትሪው ማኑዋል ሌላ ካለ የእሱ ይቀድማል። ኢኳላይዜሽን የሚለው ይጥፋ፤ ለአሲድ ባትሪ ነው። ባትሪውና ኢንቨርተሩ በገመድ እንዲነጋገሩ ከተፈለገ የሁለቱ ሶኬት ፒኖች አንድ መሆናቸውን ከማኑዋላቸው አመሳክሩ፤ የኮምፒውተር ኔትወርክ ገመድ ስለገጠመ ብቻ አይሠራም።

ማራገቢያው ከሁሉ ቀድሞ የሚያልቅ ዕቃ ነው። በአቧራ ሰፈር በየሦስት ወሩ ኃይሉ ሁሉ ተቋርጦ፣ የፓኔሉም ብሬከር ወርዶ፣ ማጣሪያው ይጸዳ። የማራገቢያውን ስፋት፣ ቮልቴጅና የሽቦ ብዛት ጀርባው ላይ ካለው ሌብል ጽፋችሁ አንድ ትርፍ ግዙ። ሦስት ሽቦ ባለው ምትክ ሁለት ሽቦ ያለው ከተገጠመ ኢንቨርተሩ መዞሩን ስለማያይ 01 እያለ ይቆማል።